የጀልባ ሬዲዮና አንቴና፦ ጠይቁኝ፣ ገመዱን ግን አትርሱ

ጤና ይስጥልኝ። ከአናፖሊስ ወጣ ብሎ ሞተሩ የጠፋበት ወንድማችን ተጎትቶ ከገባ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ሁሉም «ጋሼ፣ የትኛውን ሬዲዮ ልግዛ?» ነው። እንግዲህ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቡናዬም ቀርቧል፤ ጠይቁ። ለማታውቁኝ፣ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ሜሪላንድ ከገባሁ ደግሞ በየሰዉ ጀልባ ላይ የአንቴና ገመድ ስዘረጋ ነው የኖርኩት።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። አንቴና ሳይገጠም የመናገሪያውን ቁልፍ አትጫኑ፤ ሬዲዮው ሊቃጠል ይችላል። ቻናል 16 ላይ «ሀሎ፣ ይሰማል?» እያላችሁ አትሞክሩ። የጭንቅ ቻናል ነው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ጋሼ፣ ባለ 22 ጫማ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አለኝ። ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አልወጣም። አሮጌው ሬዲዮ ሌላውን በደንብ ያሰማኛል፤ እኔን ግን ማንም አይሰማኝም። አዲስ ልግዛ ብያለሁ፤ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። «እሰማለሁ፣ ግን አይሰሙኝም» ካልክ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሬዲዮው ላይ አይደለም። የአየር ጠባይ የሚያሰማው ጣቢያ ለምሳሌ ኃይለኛ ነው፤ በተበላሸ ገመድም ይገባልሃል። ያንተ 25 ዋት ግን እዚያው ገመዱ ውስጥ ያልቃል። ካቻቢቴ ያዝና የአንቴናውን ኮኔክተር ፈተህ ውስጡን አይተህ ንገረኝ። ከዚያ ስለ መግዛት እናወራለን።

ጥያቄ፦ ስንት ዋት ልግዛ?

መልስ፦ 25። ለሁሉም ሰው ጣሪያው ይኸው ነው። የ200 ዶላሩም የ600 ዶላሩም ከ25 በላይ አይጮኽም። በእጅ የሚያዘው 5 ወይም 6 ዋት ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ 25 ዋት ስንት ኪሎ ሜትር ይደርሳል?

መልስ፦ ይኼ ጥያቄ ነው! ግን ዋቱን ተወው፣ ከፍታውን ጠይቀኝ። ይኼ ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ የምድርን ጉብታ ዞሮ አያይም። ሂሳቡ ቀላል ነው። የአንቴናህን ከፍታ በሜትር ውሰድ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ በ4.1 አባዛ፤ ኪሎ ሜትሩን ይሰጥሃል። አንቴናህ ከውኃው 4 ሜትር ከፍ ካለ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወዳጅህም እንዳንተው ከሆነ የሁለታችሁ ይደመራል፣ 16። የባሕር ጠባቂው ማማ 100 ሜትር ቢሆን የሱ 41፣ ያንተ 8፤ 49 ኪሎ ሜትር ላይ ትሰማማላችሁ።

አሁን በእጅ የሚያዘውን ይዘህ ጀልባው ወለል ላይ ተቀመጥ። ከፍታህ 1 ሜትር ነው። ያንተ ድርሻ 4 ኪሎ ሜትር ብቻ! የቼሳፒኩ ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅ፣ እንኳ ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእጅ የሚያዘው ክፉ ነው አላልኩም፤ ባትሪህ ውኃ ሲገባው ነፍስህን የሚያተርፈው እሱ ነው። ለመጠባበቂያ ያዘው፣ ለዋናነት አትመን።

ጥያቄ (ከዉድብሪጅ)፦ እንግዲያው ትልቁን የ9 ዲቢ አንቴና ልግዛ አይደል?

መልስ፦ አይደለም! በዓመት አስር ጊዜ እመልሰዋለሁ፣ አንዴ በደንብ ልበለው። አንቴና ኃይል አይፈጥርም፤ ያለውን ያከፋፍላል። ዲቢው ኃይሉን ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚሰበስበው ነው የሚነግርህ። ሊጡ አንድ ነው። 3 ዲቢው አምባሻ ነው፣ ወፍራምና ጠበብ ያለ። 9 ዲቢው እንጀራ ነው፣ ስስና ሰፊ። ውኃው እንደ ምጣድ ረግቶ ከተኛ እንጀራው ሩቅ ይደርሳል። ጀልባህ ሲንገዋለል ግን እንጀራው አብሮ ያዘነብላል፤ ግማሹ ሰማይ ይወጣል፣ ግማሹ ውኃ ውስጥ ይገባል። ወዳጅህ ድምፅህን ብቅ ጥልቅ ሲል ይሰማዋል። ለትንሽ የሞተር ጀልባ 6 ዲቢ፣ ባለ 8 ጫማው ይበቃል። ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ሰው ደግሞ ምሰሶው ጫፍ ላይ የ3 ዲቢዋን አጭር ዘንግ ይስቀል፤ ምሰሶው በጣም ስለሚያጋድል አምባሻው ይሻለዋል። ከፍታውን ምሰሶው ሰጥቶታል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ አዲስ ገቢ ነኝ። የትኛው ሬዲዮ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ (ከባልቲሞር)፦ በኢንተርኔት በ30 ዶላር የሚሸጠውን ባኦፌንግ የሚባል የእጅ ሬዲዮ ገዝቼ ቻናል 16 ሞላሁበት። በደንብ ይሠራል፤ ለምን ታካብዳላችሁ?

መልስ፦ ኤፍሲሲ፣ የአሜሪካ የሬዲዮ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ለባሕር አገልግሎት የፈቀደው መሣሪያ አይደለም። ውኃ ከነካው ደግሞ አለቀለት። ቀጥሎ።

ከዉድብሪጅ፦ እኔም አለኝ፣ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

ከባልቲሞር፦ እሱን ነው የምለው! ስልክም አለ እኮ። 911 መደወል ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ስልክ አንድ ሰው ጋ ነው የሚደውለው። 16 ላይ ስትጣራ አጠገብህ ያለው ዓሣ አጥማጅ ጭምር ይሰማሃል። እኔን ከአሸዋ ላይ ያላቀቀኝ ሸርጣን (ክራብ) አጥማጅ ጀልባ ነው፤ ባሕር ጠባቂው ገና መልስ ሳይሰጠኝ ነው የደረሰልኝ።

መልስ፦ ልጄ ጨርሶታል።

ጥያቄ (አንዲት እህት)፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ጀልባ ላይ ቀዩን ቁልፍ እንዳትነኪው ይለኛል። ምንድን ነው እሱ?

መልስ፦ ባለቤትሽ ተሳስቷል። ካንቺ በላይ ማን ሊነካው ነው? እሱ ውኃ ውስጥ ከወደቀ የምትጫኚው አንቺ ነሽ። ክዳኑን ከፍተሽ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ስትይዢው ሬዲዮው በራሱ በቻናል 70 የጭንቅ መልእክት ይልካል፤ ማን እንደሆናችሁና የት እንዳላችሁ። ከዚያ 16 ላይ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ ብለሽ የጀልባውን ስም፣ ቦታውን፣ የሰዉን ቁጥር ትናገሪያለሽ።

ግን ሁለት ነገር ካልተሟላ ቁልፉ ጌጥ ነው። አንዱ ኤምኤምኤስአይ የሚባለው ባለ 9 አሃዝ የጀልባው መታወቂያ ቁጥር ነው። ካልገባ አብዛኞቹ ሬዲዮዎች ጥሪውን ጭራሽ አይልኩም። በአሜሪካ ውኃ ብቻ ለሚንቀሳቀስ ቦትዩኤስ የሚባለው የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ለአባላቱ በነፃ ይሰጣል። ስታስገቡት ተጠንቀቁ፣ ከተሳሳታችሁ ብዙ ጊዜ ራሳችሁ መቀየር አትችሉም፤ ወደ ሠሪው መላክ ሊመጣ ነው። ሁለተኛው ጂፒኤስ ነው። ወይ ሬዲዮው የራሱ ያለው ይሁን፣ ወይ ከካርታ ስክሪኑ ጋር ይገናኝ። ስንቱ ጀልባ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ሳይገናኙ ተንጠልጥለው አይቻለሁ! በስህተት ከተጫናችሁት ደግሞ አጥፍታችሁ አትሽሹ፤ 16 ላይ ስህተት መሆኑን ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ወደ ባሃማስ ብሄድስ?

መልስ፦ ያኔ ነፃው ቁጥር አይበቃም። የኤፍሲሲ ፈቃድ ለጀልባውም ላንተም ያስፈልጋል፤ ቁጥሩም ከዚያው ይሰጥሃል። ቅጽ አልሞላልህም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ለጣና ጀልባዬ አንድ ሰው ከአሜሪካ ቢያመጣልኝስ?

መልስ፦ የሬዲዮ መሣሪያ ፈቃድ ይፈልጋል። መጀመሪያ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቅ። ቦሌ ላይ ሰው አታስይዝ።

ከባልቲሞር፦ ለሐይቅ ደግሞ የባሕር ሬዲዮ ምን ያደርጋል?

ከባሕር ዳር፦ ሐይቅ? የከተማውን ስም አንብበው እስኪ። ባሕር ዳር ነው የሚለው፣ ሐይቅ ዳር አይደለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አያቴ ዘጌ ነው የተወለዱት። «ባሕሩን ተሻግሬ» ነበር የሚሉት።

ከባልቲሞር፦ ቢሾፍቱም ባሕር ሊሆን ነው በዚህ አያያዝ።

መልስ፦ ጨው የሌለው ባሕር አይደለም፣ ክርክሩን ዝጉት። ጨው ካነሳን ግን ዋናውን ነገር ልናገር፤ እስካሁን አንድም ሰው ስለ ገመድ አልጠየቀኝም!

ገመዱ ሬዲዮውንና አንቴናውን የሚያገናኘው ጥቁሩ ነው። ቀጭኑ አርጂ 58 ይባላል፤ በየ15 ሜትሩ የኃይልህን ግማሽ ይበላል። ሸራ ጀልባ ላይ እስከ ምሰሶው ጫፍ ይዘኸው ከወጣህ 25 ዋትህ 12 ሆኖ ይደርሳል። ወፍራሙን አርጂ 213 ብትጠቀም በዚያው ርቀት 18 ገደማ ይተርፍሃል። ለትንሽ ጀልባ፣ ለ5 እና 6 ሜትር፣ አርጂ 8ኤክስ በቂ ነው። መዳቡ በቆርቆሮ የተለበጠውን ግዙ። ባዶ መዳብ ጨዋማ አየር ላይ አንድ ክረምት ሳይሞላው ይጠቁራል።

ከገመዱ የባሰው ኮኔክተሩ ነው። ያለ ስታኞ በመጠምዘዝ ብቻ የሚገጠመውን እኔ አላምነውም። በደንብ ይበየድ፣ ከላይ ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የጎማ ጥቅልል ይጠቅለልበት። ተራ ናስትሮ ውኃውን ውስጥ ይዞ ያስቀምጠዋል። ስትጨርሱ ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል በሚያሳየው በኤስደብሊውአር መለኪያ ለኩ፤ ከ1.5 በታች ከሆነ ተኙ፣ 3 ከደረሰ ፍቱት። የኃይል ሽቦውንም እዩት። ስትናገሩ 5፣ 6 አምፒር ይስባል፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ቮልቱ ይወርዳል፣ ድምፃችሁም አብሮ።

ጥያቄ፦ ሬዲዮውን 16 ላይ ልሞክር?

መልስ፦ ምን ብዬ ነው የጀመርኩት? አይሆንም! ጀልባ ጎታቹ ድርጅት ሲ ቶው በቻናል 24፣ 26፣ 27 እና 28 ላይ እንደየወደቡ የራስህን ድምፅ መልሶ የሚያሰማ አገልግሎት አለው። እዚያ ሞክር። ከወዳጅህ ጋር ለማውራት 68፣ 69 ወይም 72። በ1 ዋት ከደረሰ በ1 ዋት።

ጥያቄ፦ የትኛው ብራንድ ነው ግን ጋሼ? ሳይመልሱ አለፉት።

መልስ፦ እሺ በቃ። አይኮም ወይም ስታንዳርድ ሆራይዘን፣ የራሱ ጂፒኤስ ያለው። ከተረፈህ ገንዘብ ገመድ ግዛ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ ፈታሁት። ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ነው። መሐሉ ላይ ያለችው ሽቦ ስነካት ተሰበረች።

መልስ፦ ይኸው! ሬዲዮ እንዳትገዛ። ቁልፉንም እንዳትጫን፣ አሁን አንቴና የለህም። ነገ ከቅዳሴ መልስ ስታኞዬን ይዤ እመጣለሁ፤ 6 ሜትር አርጂ 8ኤክስና ሁለት ኮኔክተር ገዝተህ ጠብቀኝ።