መልስ፦ ከሄልፕ ዴስክ ወደ ሰርቨር ሥራ

ሰላም ወንድሜ። ከሄልፕ ዴስክ (ተጠቃሚዎችን በኮምፒውተር ችግር ከመርዳት ሥራ) ወደ ሰርቨር ሥራ ለመሻገር የትኛውን ሰርተፊኬት ላስቀድም ብለሃል። እኔ ሰርተፊኬቱን ለጊዜው ተወው እላለሁ። 8 ጂቢ ራም ያለው ላፕቶፕ ካለህ ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጫንበትና ሁለት የኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ሰርቨር አስነሳ። አንዱ ላይ ዌብሳይትና ዳታቤዝ አስቀምጥ፤ ባክአፑን (መጠባበቂያ ቅጂውን) ወደ ሌላው ላክ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ አጥፋውና ከባክአፑ መልሰህ አቁመው። ስንት ሰዓት ፈጀብህ? ምን ጎደለ? ብዙ ጊዜ ዳታው ይመለሳል፣ የፕሮግራሞቹ ቅንብር የተጻፈበት የኮንፊግ ፋይሉ ግን ተረስቶ ይገኛል። መልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ በእኔ እምነት ባክአፕ አይባልም። ቀጥለህ ዲስኩን ሆን ብለህ ሙላውና ዳታቤዙ ሲቆም ሎጉ (ሲስተሙ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ምን እንደሚል አንብብ። የሠራኸውን ሁሉ ጻፍ፤ ኢንተርቪው ላይ የሚናገርልህ እሱ ነው። ከኔትወርክ ዲኤንኤስን (የዌብሳይት ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረውን) አጥብቀህ ያዝ። ክላውዱ (በኢንተርኔት የሚከራዩት ሰርቨር) ቀስ ብሎ ይደርሳል።