መልስ፦ ለአሰልጣኛችን መታሰቢያ መንገድ ስለማሰየም

ወንድሜ፣ ልጆቹን ያሰለጠነው ኮች ስም መንገዱ ላይ ይውጣ ብንል የነዋሪው አድራሻ ይቀየራል ወይ ላልከው፣ የመታሰቢያ ስም ከሆነ አይቀየርም። ዋናው ስም እንዳለ ይቀመጣል፣ ሁለተኛ ታፔላ ብቻ ነው የሚጨመረው፣ ፖስታው መታወቂያው ምናምን አይነካም። ቺካጎ ለምሳሌ የክብር ስሞቹን ቡኒ ታፔላ ላይ ነው የምትሰቅለው፣ መደበኛው አረንጓዴ ስለሆነ ማንም አይምታታበትም። ኒውዮርክ ደግሞ መጀመሪያ የአካባቢው ቦርድ ያየዋል ከዛ የከተማው ምክር ቤት ህግ አድርጎ ያፀድቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የከተማችሁን ደንብ ጠይቁ፣ ሰውየው በህይወት ካለ የማይፈቅድ ከተማም አለና።

ፊርማ ስታሰባስቡ ግን የድሮ ተጫዋቾች ብቻ እንዳይሆኑ፣ እዛው መንገድ ላይ የሚኖሩት ናቸው ዋናዎቹ፣ አንድ የተቆጣ ጎረቤት ስብሰባ ላይ ተነስቶ ማን ጠየቀን ካለ ነገሩ ይጓተታል። ደብዳቤው ላይ ደግሞ ዋንጫ አትደርድሩ (እውነቱን ለመናገር የሚያነበው የለም)፣ ይልቅ ጫማ መግዛት ያቃተውን ልጅ ምን እንዳደረገለት፣ በነፃ ስንት አመት እንደሰራ ወላጆች ራሳቸው ይፃፉት። ቤተሰቡንም ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ሌላው ትንሽ የሚከብደው፣ ከህፃናት ጋር የሰራ ሰው ስለሆነ እሱን የሚያውቁ ሰዎችን ሁሉ በደንብ ጠይቁ፣ ቅሬታ ካለ ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ ከሚወጣ አሁን ቢሰማ ይሻላል።

ቦታውን በተመለከተ ረጅም መንገድ አትጠይቁ፣ ሜዳው ጋ ያለችው ማዕዘን ትበቃለች፣ ቶሎም ትፈቀዳለች።