ማን እንደሚወስን ጠይቁ

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት ወይም በመምህርነት ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

የቴክኖሎጂ ኮሚቴ ስብሰባ አሰልቺ ነው። ግማሹ ተሰብሳቢ ጉዳዩ አይገባውም፤ የሚገባው ደግሞ በሙያ ቃላት ሌላውን ዝም ያሰኛል። ቢሆንም አትቅሩ። ፈተና የሚሰጥበትም ሆነ የምርምር መረጃ የሚቀመጥበት ሥርዓት የሚወሰነው እዚያ ነው። ቃለ ጉባኤው ከተፈረመ በኋላ በየመተላለፊያው ማጉረምረም ለማንም አይጠቅምም። በግቢ ውስጥ ካየኋቸው የኮምፒውተር ችግሮች አብዛኞቹ ባለቤት የሌለው ውሳኔ የወለዳቸው ናቸው።

ጥሩ ውሳኔ ምን እንደሚሠራ ማየት ከፈለጋችሁ በአሜሪካ የሚገኘውን ዳርትመዝ ኮሌጅን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ጆን ኬሜኒ እና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ የሒሳብ መምህራን ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ብዙ ሰው አንድን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበትን ሥርዓት ሥራ ላይ አዋሉ። እኔን ከቋንቋው ይልቅ የሚደንቀኝ ደንቡ ነው። ኮምፒውተር ጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የሚደርሱበት ውድ ዕቃ በነበረበት ዘመን፣ ሳይንስ ላልመረጠው ተማሪ ጭምር እንደ ቤተ መጻሕፍት ክፍት ሆነ። ይህን ያሰቡት አስተማሪዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢነት ለኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ብቻ ሲተው የማልወደውም ለዚህ ነው፤ ኃላፊዎቹ ቅር ቢላቸውም።

የነፃ አገልግሎት ሲቀርብላችሁ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ጎግል ለትምህርት ተቋማት ገደብ የሌለው የመረጃ ማከማቻ ይሰጥ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ደስ ብሏቸው ሞሉት። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ኩባንያው ለአንድ ተቋም በጋራ የሚሰጠው መነሻ 100 ቴራባይት (አንዱ ቴራባይት አንድ ሺህ ጊጋባይት ያህል ነው) እንደሚሆን አስታወቀ። አንድ ትልቅ የምርምር ቡድን ብቻውን ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል። ኩባንያውን አልወቅስም፤ የለወጠው የራሱን አገልግሎት ነው። ጥያቄዬ ለፈራሚዎቹ ነው፦ መረጃችንን ማውጣት ብንፈልግ በምን መልክ፣ በስንት ጊዜ፣ በማን ወጪ ይወጣል? ይህ በውሉ ካልሰፈረ አትፈርሙ። የመፈረም ሥልጣን ከሌላችሁ ተቃውሟችሁን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቡ።

መጠባበቂያ ቅጂ አለ ሲባልም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐርኮምፒውተር ላይ 77 ቴራባይት ያህል የምርምር መረጃ የጠፋው በራሱ በመጠባበቂያ ፕሮግራሙ ስህተት ነው፤ ከፊሉም ሊመለስ አልቻለም። ስለዚህ ከቅጂው ላይ ፋይል መልሶ የሞከረ ማን ነው፣ መቼስ ሞከረ ብላችሁ ጠይቁ።

በየትምህርት ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር የተደበቀ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግል ማሽን፣ ማግኘታችሁ አይቀርም፤ አቧራ የለበሰ፣ የይለፍ ቃሉ በቁራጭ ወረቀት ጎኑ ላይ የተለጠፈ፣ የተከለው ተማሪ ከተመረቀ የቆየ። የደኅንነት ባለሙያ እንዲህ ያለውን ሲያይ እጁ ወደ ሶኬቱ ይሄዳል። አትንቀሉት። አስቀድማችሁ ለምን እንደተተከለ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ የኮምፒውተር ክፍሉን ጠይቀን ምላሽ ሳናገኝ ሴሚስተሩ አለቀ የሚል ነው። ተጠሪውን መዝግቡ፣ የይለፍ ቃሉን አስቀይሩ፣ የያዘውን መረጃ ቅጂ አስቀምጡ። ከዚያ ማመልከቻው በማን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እንደቀረ ፈልጋችሁ አግኙ።