«ሌላስ የት አመለከትሽ?»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ የምትሞላው የአንድ ኮሌጅ ቅጽ ሌሎች የምታመለክትባቸውን ኮሌጆች እንድትዘረዝር ይጠይቃል። መመለሷ አይጎዳትም? የተማሪ እናት

መልስ፦ በቅድሚያ ጥያቄው የግዴታ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ፤ በፈቃደኝነት የሚሞላ ከሆነ ባዶውን እንድትተወው እመክራለሁ። ኮሌጆች ይህን የሚጠይቁት ተፎካካሪዎቻቸውን ለማወቅና የተቀበሉት ተማሪ በእርግጥ ይመጣ እንደሆነ ለመገመት በመሆኑ፣ መልሱ ከእርሷ ይልቅ እነርሱን ይጠቅማል። ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ላይ የሚሞላው ዝርዝር እንኳ ከ2016–17 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለኮሌጆቹ እንዳይታይ የተደረገው፣ ቅደም ተከተሉን እንደ ምርጫ ደረጃ ቆጥረው ለመቀበልና ለእርዳታ ውሳኔ ሊጠቀሙበት ይችላሉ የሚል ስጋት ስለነበረ ነው።

ግዴታ ከሆነ እውነቱን ትጻፍ፤ ነገር ግን ደረጃ ሳታወጣ፣ በፊደል ተራ። በቃለ መጠይቅ ከተጠየቀችም ልታጠናው የምትሻው ትምህርት በደንብ የሚሰጥባቸውን ሁለት ሦስት ኮሌጆች ጠቅሳ፣ ይህኛው ለምን እንደሳባት በዝርዝር ብታስረዳ ይበቃል። ውሸት ግን በፍጹም አይሞከር።

ኧርሊ ዲሲዥን በሚባለው አስገዳጅ መንገድ የምታመለክት ከሆነ ጉዳዩ ይለያል፤ በዚህ መንገድ ማመልከት የሚቻለው ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ሲሆን፣ ከተቀበሏትና የገንዘብ ድጋፉም ከበቃ ሌሎቹን ማመልከቻዎች ማንሳት ይኖርባታል።