ከኦፕራሲዮን በኋላ መንቀሳቀስ ሌላ፣ መሸከም ሌላ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ልጅሽን በጤና ታሳድግልሽ።

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በኦፕራሲዮን ከወለድሽ 12 ቀንሽ ነው። የመጀመሪያ ልጅሽ ናት። ፒያሳ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ትኖሪያለሽ። ባለቤትሽ ሥራ ገብቷል። ሊያርሱሽ ከደብረ ማርቆስ የመጡት እናትሽ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳሉ። ደረጃ መውጣት፣ እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ፣ ታክሲ መሳፈር፣ ልጅ ማዘል መቼ ነው የሚቻለው ብለሻል። ሐኪሙ ተራመጂ ይልሻል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተኚ ይልሻል፣ የማንን ልስማ ነው ያልሽው።

መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር አድርገሽ አንድ መስመር ጨምረሻል። ስፌቱ በአንድ በኩል ልብስሽን ትንሽ ያረጥበዋል። እኔ ከዚያ ልጀምር። ይሄ እስከ ቀጠሮሽ የሚቆይ ነገር አይደለም። ነገ ጠዋት ሂጂና አሳዪው። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ካለው፣ የሚወርድሽ ደም መጥፎ ሽታ ካመጣ ግን ነገን አትጠብቂ። ማታም ቢሆን ዛሬውኑ ሂጂ።

እንዲህ የምልሽ ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እኛም ሊፍት የለንም። ከሆስፒታል ስወጣ የተባልኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከልጅሽ የከበደ ነገር አታንሺ፣ ግን ተራመጂ። ቤት ስገባ ሁለተኛው ተረሳ። ሁሉም "ሆዷ የተቀደደ ሰው" እያለ አስተኛኝ። እኔም ፈርቼ ነበርና ተኛሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፍራሽ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ ፍራሽ ነው የኖርኩት። ሆዴ ደረቀ። ስነሳ ያዞረኛል። ጉልበቴ ከዳኝ።

ከዚያ አማቴ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በ17ኛው ቀን ንጋት ላይ ውሃ መጣ። ያኔ እኛ ጋ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር፣ እሱም ፎቅ ድረስ አይወጣም። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነው። ልጁ ተኝቷል። ሳይሄድብኝ ብዬ ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ሞልቼ ደረጃውን ወጣሁ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከስፌቱ በቀኝ በኩል አንድ ነገር ሳብ ሲያደርገኝ ተሰማኝ። በማግስቱ ልብሴ ረጥቦ አገኘሁት። ትንሽ ነው ብዬ አራት ቀን ዝም አልኩ። ስሄድ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ጫፉ ተከፍቶ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሁለት ቀኑ ቁስል ለማሳጠብ ተመላለስኩ፣ ልጄን ታቅፌ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ ይሄ ነው። መንቀሳቀስ እና መሸከም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጎረቤቶችሽ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ግን ሁለቱን አንድ አድርገው ከልክለውሻል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ቀን ጠዋት ጀመርኳቸው። የሚከለከለው ክብደት ነው። መራመድ መድኃኒት ነው።

ሐኪሜ በኋላ በደንብ አስረዳችኝ። ከላይ የምታዪው ስፌት የቆዳው ብቻ ነው። ቆዳው በሁለት ሳምንት አካባቢ ይገጥማል። ከሥሩ ግን ስብ አለ፣ ከስቡ ሥር የሆድን ጡንቻ የሚሸፍነው ጠንካራ ሽፋን አለ፣ ከዚያም ማህፀኑ ራሱ አለ። እነሱም ተቆርጠው የተሰፉ ናቸው። ጥንካሬያቸውን ለማግኘት ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ላዩ ደህና ሲመስልሽ ውስጡ ገና ነው። የሚያታልለን ይሄ ነው። መራመዱ ደግሞ ደም እግር ላይ እንዳይረጋ ያደርጋል፣ አንጀትን ያንቀሳቅሳል። ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት እግሯ ላይ ደም የመርጋት ዕድሏ ከፍ ይላል። አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ባትሽን ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ያኔም ሩጪ።

አሁን ወደ ቤትሽ ልግባ።

አነሳስሽን ቀይሪ። እንደ ድሮው ከጀርባሽ ቀጥ ብለሽ አትነሺ። ጉልበትሽን አጥፈሽ በጎን ዙሪ፣ እግርሽን ከአልጋ አውርጂ፣ ከዚያ በክንድሽ ገፋ አድርገሽ ቁጭ በይ። ስታስይ፣ ስታስነጥሺ፣ ስትስቂም ትራስ ስፌቱ ላይ ያዝ አድርጊ። እንግዳ እንዲመች ተብሎ ሳሎን መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎልሽ ከሆነ ወደ አልጋሽ ተመለሺ። ከመሬት መነሳት ነው እኔን ከሁሉ በላይ ያሰቃየኝ። በርጩማም እንደዚያው ነው፣ ቡናውን ወንበር ላይ ሆነሽ ጠጪ። ማስታገሻውን ደግሞ ሐኪሙ ባዘዘልሽ ሰዓት ውሰጂ። "ወተቱን ያበላሻል" ብለው አስፈራርተውኝ ትቼው ነበር፣ እያመመኝ እንዴት ልራመድ? ለምታጠባ ሴት መሆኑን አውቀው ነው የሚያዙት።

ደረጃውን በቀን አንዴ ብትወርጂና ብትወጪ ችግር የለውም። ብረቱን ይዘሽ፣ በየፎቁ እያረፍሽ፣ ባዶ እጅሽን። ልጅቷን ሌላ ሰው ይያዛት። የሚያሳስበው ደረጃው ሳይሆን ደረጃው ላይ የምትይዢው ነገር ነው። እኔ ቁስሉ ከዳነ በኋላ መጀመሪያ እስከ ግቢው በር፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልቱ፣ በኋላ ልደታ ማርያም ደጅ ድረስ እየሄድኩ ከአጥሩ ውጪ ተሳልሜ እመለስ ነበር። ያቺ አጭር መንገድ ከቤት ስታወጣኝ አእምሮዬም አብሮ ወጣ። አንቺ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ በኮሪደር ልማቱ ተሠርቶልሻል። አሥር ደቂቃ ሂጂበት። ማታ ስፌቱ ካላመመሽና የሚወርድሽ ደም ካልጨመረ በማግስቱ ትንሽ ጨምሪ። ደሙ እንደገና ደመቅ ብሎ ከመጣ ሰውነትሽ በዝቷል እያለሽ ነው፣ አንድ ሁለት ቀን ቀንሺ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚሞላ ከሆነ ግን ድካም አይደለም፣ ሆስፒታል ነው።

እንጀራውን እስከ ስድስት ሳምንት እርሺው። መጋገሩ ራሱ ላይከብድሽ ይችላል። የሊጡን ባልዲ ማንሳት፣ አክንባሎውን በየደቂቃው መክደንና መክፈት፣ ጎንበስ ቀና ማለቱ ነው ሆድ የሚስበው። ከባልትና ቤት ግዢ። ወጡን ቆመሽ መሥራት ትችያለሽ፣ ድስቱን ከነወጡ ማንሳቱን ለባለቤትሽ ተዪ። ልብስ ማጠብ፣ በሳፋ ከሆነ፣ አይሆንም። ጎንበስ ብሎ ማሸትና እርጥብ ብርድ ልብስ መጭመቅ ከጀሪካኑ አይሻልም። የልጅቷን ገላ ስታጥቢ ሳፋው ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ውሃውን በጆግ እየቀዳሽ ሙዪው፣ በጆግ እየቀዳሽ ድፊው።

ውሃው ግን ለብቻው ይታሰብበት፣ እለምንሻለሁ። እናትሽ ከመሄዳቸው በፊት ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ማን ይቀዳል? በየትኛው ቀን? እሱ ከሌለስ? እኛ በኋላ ላይ ለአንድ የግቢያችን ልጅ በጀሪካን ሒሳብ እየከፈልን እናስቀዳ ነበር። ከቁስል ማሳጠቢያው ጋር ሳስተያየው ምንም አልነበረም። ትልቁ በርሜል ማድ ቤት፣ ጆጉ አጠገቡ ይቀመጥ። አንድ ጀሪካን እንኳ በእጅሽ የምትደርሺበት ቦታ አታስቀምጪ፣ ታነሺዋለሽና።

እንግዳ ሌላው ነው። የአራስ ጥየቃ ደስ ይላል፣ ገንፎውም አጥሚቱም የፍቅር ነው። ግን ሰው ሲመጣ ትነሻለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ እያመመሽ ሁለት ሰዓት ታጫውቻለሽ። ማንም ደህና ነኝ ስትይ ውስጥሽን አያይም። እናትሽ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እሳቸው "አሁን ትተኛ" ቢሉ ማንም አይቀየምም። እንግዳው እጄ ላይ ምን ላምጣ ቢልሽ አትግደርደሪ። እንጀራ በይው። ሁለት ጀሪካን ቅዳልኝ በይው። ገንፎ በቅቤና ሥጋ ብቻ እየበላሽ ደግሞ ሆድሽ እንዳይደርቅ። ፓፓያ፣ ጎመን፣ ተልባ ጨምሪበት፣ ውሃ ጠጪ። ሽንት ቤት ማማጥ ለዚህ ስፌት በጣም መጥፎ ነው። ሆድ ማሰሩን በተመለከተ፣ እኔን በመቀነት ጥብቅ አድርገው አስረውኝ ቁስሉ ላብ ይዞ ነበር። ደገፍ የሚያደርግ ለስለስ ያለ ነገር ይበቃል፣ ስፌቱ ደረቅና ንጹሕ መሆኑ ይበልጣል።

ስታጠቢ ልጅቷን ሆድሽ ላይ አታስተኚያት። በብብትሽ ሥር እግሯን ወደ ኋላ አድርገሽ፣ ክንድሽን በትራስ ደግፈሽ ያዣት፣ ወይም ሁለታችሁም በጎን ተኙ። በኦፕራሲዮን ስንወልድ ወተቱ አንዳንዴ ዘግየት ይላል። የለሽም ብለው ጡጦ ቢያመጡልሽ ቶሎ እጅ አትስጪ፣ ደጋግመሽ አጥቢ። የሽንቷን ብዛትና ኪሎዋን ጤና ጣቢያ ይዩልሽ።

ማዘሉን አታስቢው። አንገቷ እስኪጠና ድረስ ለእሷም ገና ነው፣ ለአንቺም አንቀልባው የሚታሰረው ሆድ ላይ ነው። ታክሲ የግድ ከሆነ ከፊት ወይም ከበሩ አጠገብ ተቀመጪ፣ የኋላው ወንበር ያነጥራል። የመጀመሪያው ትልቅ መንገዳችሁ የ45 ቀን ክትባቷ ቢሆን ጥሩ ነው። የአንቺም የስድስት ሳምንት ምርመራ እዚያው ሰሞን ስለሆነ በአንድ ጉዞ ይጠናቀቃል። የባልና ሚስት ነገርንም፣ የወሊድ መከላከያንም ያኔ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ከሚቀጥለው እርግዝና በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት ማለፍ አለበት ብለውኛል።

ክርስትና ካላችሁ ሴት ስለሆነች 80 ቀን አለሽ፣ ዕድለኛ ነሽ። የእኔ ወንድ ስለነበር በ40 ቀኑ፣ ቁስሌ ገና ሳይደርቅ ደረሰ። ክርስትናውን አስነሳን፣ ድግሱን ለሌላ ጊዜ አሳደርነው። ጥቂት ዘመዶች አኮረፉ፣ አለፈ። ሙስሊም ጎረቤቴም እንዲሁ በኦፕራሲዮን ወልዳ የ7ኛ ቀኑን አቂቃ እህቶቿ ናቸው ሙሉ በሙሉ የሠሩላት።

ሥራሽ የግል ድርጅት ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝሽ መብትሽ ነው፣ አሳጥረሽ ግቢ ቢሉሽ እሺ አትበይ። ባለቤትሽም የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ ይኸው ሕግ የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። የዓመት ፈቃድ ካለው እናትሽ በሚሄዱበት ሳምንት ይውሰደው። ከወሊዱ ሳምንት ይልቅ ያኔ ነው የሚያስፈልግሽ።

አንድ ነገር በግልጽ አልጠየቅሽም፣ ግን ከጥያቄሽ ውስጥ የሰማሁት መሰለኝ። "ምጥ እንኳ ሳላይ ይሄን ያህል መቸገሬ" ብለሻል። ይሄን ማን አለሽ? እኔንም ብለውኛል፣ ብዙ አልቅሼበታለሁ። እህቴ፣ ሆድሽ ተከፍቶ ነው ልጅሽ የወጣችው። ወልደሻል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ ብዙዎቻችን ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ልጅቷን ማየት ካስጠላሽ ግን እንደ ቁስሉ ቆጥረሽ ለሐኪም ንገሪ። እሱም ይታከማል።

ነገ ስትሄጂ ልጅቷን እናትሽ ይያዙልሽ፣ ቦርሳውን ባለቤትሽ። አንቺ ብረቱን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ስለ ስፌቱ ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቅሻለሁ።