ስለ ሶላር ፓኔል አቧራና አጠባ፦ ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በተለይም በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በገላን፣ በቤት ጣሪያ ላይ ሶላር በመግጠምና በመጠገን ሥራ ስለቆየሁ፣ የአካባቢያችን ነዋሪዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ኮረኮንች መንገድ ዳር ነው። ከጥቅምት ወዲህ ባትሪያችን እንደ ቀድሞው አይሞላም። ችግሩ የአቧራው ነው ወይስ የባትሪው?

ከመገመት መለካት ይሻላል። ሰማዩ በጠራበት ቀን፣ በቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ ባትሪው ገና ሳይሞላ ከፓኔሉ የሚመጣውን አምፔር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት መጠን) ይመዝግቡ፤ ከዚያም ፓኔሉን አጥበው በማግስቱ በዚያው ሰዓት ደግመው ያንብቡ። አቧራ በዋናነት የሚቀንሰው አምፔሩን እንጂ ቮልቴጁን ስላልሆነ፣ ቮልቴጁን ብቻ ለክቶ «ፓኔሉ ደኅና ነው» የሚልዎትን ሠራተኛ አይመኑ። አምፔሩ በግልጽ ከጨመረ ችግሩ የአቧራው ነበር፤ ካልጨመረ ግን የሽቦ ማያያዣዎቹንና ባትሪውን ያስፈትሹ። ባትሪዎ የአሲድ ከሆነ ደግሞ ሳይሞላ ብዙ ጊዜ መቆየቱ ራሱ ስለሚያበላሸው፣ በአቧራ የተጀመረው ነገር በባትሪ ግዢ ሊያልቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዝናብ አያጥበውም?

የክረምቱ ዝናብ ያጥበዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፓኔል ማጠብ ትርፉ ድካም ነው። ይሁን እንጂ ፓኔሉ ተዳፋት ሊኖረው ይገባል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን የምትገኝ በመሆኗ፣ ለፀሐይ ብርሃን ብቻ ቢታሰብ ለጥ ብሎ የተገጠመ ፓኔልም ያገለግላል፤ ነገር ግን ውኃው ከታችኛው ፍሬም ጋር ተኝቶ ሲደርቅ ጭቃ ይጋግራል። ስለዚህ እኔ ከ10 ዲግሪ በታች አልገጥምም፣ 15ን እመርጣለሁ። በበጋ የሚጥል ካፊያ ግን አቧራውን ሳያጥብ ስለሚያቦካው ከነጭራሹ ባይጥል ይሻላል። ኅዳር 12 ቀን ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሲያጥን የሚያርፈው ጥላሸትም ቅባት ስላለው በውኃ ብቻ አይለቅም።

ጥያቄ፦ ርግቦች የጣሉት ኩስ መዳፍ የምታህል ናት። ይህን ያህል ያሳስባል?

ከስስ አቧራ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። አቧራ ፓኔሉን ሁሉ በእኩል ያደበዝዛል፤ በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች ግን በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው፣ አንዱ ሴል ሲሸፈን የሌሎቹንም ኤሌክትሪክ ያግዳል፣ ራሱም ይግላል። ይህን ለመከላከል አብዛኞቹ ፓኔሎች ሦስት ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የተሸፈነውን ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ፣ አሏቸው፤ ዳዮዱ ሲሠራ ግን የፓኔሉ አንድ ሦስተኛ ከሥራ ይወጣል። ስለዚህ ኩሱን የአጠባ ቀን ሳይጠብቁ አርጥበው ያንሡት።

ጥያቄ፦ በአመድና በሽቦ ብንፈትገውስ?

ፈጽሞ አይሆንም። አቧራ ታጥቦ ይሄዳል፣ ጭረት ግን አይሄድም። በመጀመሪያ ብዙ ውኃ ያፍስሱበት፣ ከዚያም በለስላሳ ስፖንጅ ይጥረጉት፤ ለጥላሸት ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል።

ጥያቄ፦ የጉድጓድ ውኃችን ነጭ ምልክት ይተዋል።

በውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነው። ከቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ካለዎት እርሱን ይጠቀሙ፤ ከሌለዎት ሳይደርቅ በጨርቅ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ በየስንት ጊዜና በስንት ሰዓት እንጠብ?

በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል፤ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል። ማብሪያ ማጥፊያው ቢጠፋም ብርሃን እስካለ ድረስ ፓኔሉ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ፣ የተሰነጠቀ ፓኔል ወይም የተላጠ ሽቦ ካዩ ውኃ አያስነኩት። ጊዜውን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ላይ ከሶላር ምርት ቢያንስ ከ3 እስከ 4 በመቶው በቆሻሻ ምክንያት እንደ ታጣ ተገምቷል፤ ይህ ግን አማካይ ነው፣ የድንጋይ መፍጫ አጠገብ ያለ ቤት ደግሞ በአማካይ አይመራም። እንደ እኔ ልማድ በበጋ ወራት ኮረኮንች ዳር ያለው በየሦስት ሳምንቱ፣ አስፋልት ዳር ያለው በየሁለት ወሩ ይጠብ፤ የአምፔሩ ጉድለት ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ግን መሰላል አያውጡ።