«ማን ከፈለልኝ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ወስዶብኛል፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል። እንደ ሁልጊዜው ልድገመው፤ እኔ ቄስም ፓስተርም አይደለሁም። መጽሐፍ ቅዱስ የማነብ፣ ታክሲ የምሰለፍ፣ ከቤት ሱቅ የምላክ ሰው ነኝ። የንስሐ አባት ወይም መጋቢ ያላችሁ መጀመሪያ እነሱን አናግሩ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ባለቤቴ ሥራ ካቆመ አምስት ወር ሆነው። ዘይቱንም፣ ስኳሩንም፣ ሳሙናውንም የምንወስደው ከሰፈራችን ሱቅ በዱቤ ነው። ትልቋን ልጄን እልካታለሁ፤ «እማዬ ጻፍልኝ ብላለች» ትለዋለች፤ ይጽፋል። ባለፈው ወር ትንሽ ገንዘብ አገኘሁና ቢያንስ ግማሹን ልክፈል ብዬ ሄድኩ። ባለሱቁ ደብተሩን ገለጠው። የእኛ ገጽ ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። «2,740 ብር ነበር፤ ተከፍሏል» አለኝ። ማን ከፈለው ብዬ ብጠይቀው «እንዳትናገር ተብያለሁ» አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴ ነደደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሱቅ በር ማለፍ አቃተኝ፤ ዳቦ ለመግዛት ሌላ ሰፈር ድረስ እዞራለሁ። መንገድ ላይ የማገኘውን ሰው ሁሉ «አንተ ትሆን?» እያልኩ አያለሁ። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ሌላ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በጸጋ ድኛለሁ እያልኩ የምዘምር ሰው ነኝ። 2,740 ብር መቀበል ያቃተኝ ሴት፣ የእግዚአብሔርን ጸጋ ተቀብያለሁ የምለው ውሸቴን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሸትሽን አይደለም። ግን ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ እኔም ለሁለት ቀን ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት።

በመጀመሪያ ፊትሽ ለምን እንደነደደ እንነጋገር። እኛ አገር የተሰጠ ነገር ሳይጻፍ አይቀርም። የዱቤ ደብተር ያለው ባለሱቁ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሠርግ ላይ ማን ምን ይዞ እንደመጣ እናቶቻችን በቃላቸው ያውቁታል። ለቅሶ የደረሰና የቀረ ይታወቃል። አራስ ስትጠይቂ ይዘሽ የሄድሽው ገንፎ፣ አንቺ ስትወልጂ ዞሮ ይመጣል። ዕቁብማ ጭራሽ ያስገባሽውን ብር ሳንቲም ሳይጎድል መልሶ ይሰጥሻል። ምርቃታችን ራሱ «ውለታ መላሽ ያድርገኝ» ነው። ይሄን እየናቅሁት አይደለም። ስንት ጎረቤት ሳይራብ ያደረው በዚህ ደብተር ነው። ችግሩ፣ ደብተሩ ውስጥ የማይገባ ነገር ሲመጣ የምናደርገው ይጠፋናል። አንቺ ጋ የሆነው ይሄው ነው። ገንዘቡ አይደለም ያቃጠለሽ፤ የሰጪው ስም አለመኖሩ ነው። ስሙን ብታውቂ ኖሮ ነገ ልጁ ሲታመም ብርቱካን ይዘሽ ትሄጂ ነበር፣ በልብሽ ውስጥም ሂሳቡ ይዘጋ ነበር። አሁን የሚዘጋበት መንገድ የለም።

ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ብሎ ሲጽፍ እዚያ ላይ አላቆመም። «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» ይላል። ይቺን «ማንም እንዳይመካ» የምትለዋን ስንዘምር እንዘላታለን። ዱቤውን ራስሽ ከፍለሽው ቢሆን ከሱቁ ቀና ብለሽ ትወጪ ነበር፤ ደግሞም ይገባሻል። የተከፈለለት ሰው ግን ቀና የሚልበትን ነገር ተነጥቋል። ጸጋ ሲባል ጣፋጭ ብቻ የሚመስለን፣ ይሄን የሚጎመዝዝ ጎኑን ቀምሰነው ስለማናውቅ ነው። አንቺ ቀምሰሽዋል። ስለዚህ ከብዙዎቻችን ይልቅ ቅርብ ነሽ እላለሁ።

ብቻሽንም አይደለሽ። ጌታ ማጠቢያ ይዞ ጎንበስ ሲል ጴጥሮስ ምን አለ? «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም።» ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን ትሕትና አይመስለኝም፤ የተገላቢጦሽ ኩራት ነው። መልሱም ቁርጥ ያለ ነበር፤ «ካላጠብሁህ፥ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም።»

የራሴን ጉድ ላውጋሽ። የዛሬ አራት ዓመት ገደማ በጸሎተ ሐሙስ እግር ለመታጠብ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት እቤት ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? እግሬን ታጠብኩ። በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ። ጥፍሬን ቆረጥኩ፣ አዲስ ካልሲ አደረግሁ። ከጎኔ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ከሥራ ቀጥታ የመጡ ይመስለኛል፤ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ የሲሚንቶ ብናኝ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀለበት ሠርቷል። ቄሱ እግራቸውን ይዘው ሲያጥቡላቸው የማጠቢያው ውኃ ደፈረሰ። እኔ ጋ ሲደርሱ ውኃው እንደጠራ ወረደ። ምን ይታጠብ? ለቄሱ ያስተረፍኩት ነገር አልነበረም። እየተመለስኩ ታክሲ ውስጥ ሳስበው፣ ያን ቀን ከሁለታችን የታጠቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። (ዘንድሮ እንደ እሳቸው ሳልታጠብ ልሂድ ብዬ ነበር፤ በር ላይ ደርሼ ተመልሼ ታጠብኩ። ስለዚህ ከእኔ ብዙ አትጠብቂ።)

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የከፈለውን ሰው አትፈልጊው። እንዳይታወቅ የፈለገው ምናልባት እንዳንቺ ያለ ሰው በመንገድ ሲያየው አንገቱን እንዳይደፋ ብሎ ነው። የሰዉን ፊት እየፈተሽሽ ስትሄጂ ስጦታውን እያበላሸሽበት ነው። ይልቅ ወደ ሱቁ ተመለሺ። ዳቦሽን እዚያው ግዢ። ለባለሱቁ «ለዚያ ሰው እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ» በዪው።

ይቺን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንላታለን፤ ቀስ ብለሽ አዳምጫት እስቲ። «እከፍላለሁ» አይደለችም። «እኔ የምሰጥህ የለኝም፣ በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥልኝ» ነው የምትለው። ለማኙም ይላታል፣ መኪና ያለውም ይላታል። የቀደሙት ሰዎች ውለታ መመለስ እንደማይቻል ሲያዩ ዕዳውን ወደ ላይ አሻግረው ቀና ብለው ሄዱ። አንቺም እንደዚያ ማለት ትችያለሽ።

አንድ ቀን እጅሽ ሲሞላ የሌላ ሰው ገጽ ላይ ቀይ መስመር ማስመር ያምርሽ ይሆናል። መልካም ነው። ግን በዚህ ወር እንዳታደርጊው። አሁን ካደረግሽው ማቃጠሉን ለማብረድ ነው የሚሆነው፤ ዕቁብ ጣልሽ ማለት ነው። ትንሽ ዝም ብለሽ የተከፈለላት ሴት ሁኚ።

ሌላው፣ ለባለቤትሽ ነግረሽዋል? ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁትም። አምስት ወር ሥራ የፈታ ሰው፣ ሚስቱ ድንገት የሱቅ መንገድ ስትቀይር ነገሩን በሌላ እንዳይተረጉመው። ንገሪው። እሱም ፊቱ ይነድ ይሆናል፤ ቢያንስ ሁለት ትሆናላችሁ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። 16 ዓመት በመዘምራን አገልግያለሁ። ወንበር ከመደርደር ጀምሮ ያልሠራሁት የለም፤ አምስት ሳንቲም አልተከፈለኝም። ዓምና አንድ ልጅ መጣ። ሱስ ውስጥ የኖረ፣ ቤተሰቡን ያስለቀሰ ልጅ ነው። ገና በስምንት ወሩ መድረክ ላይ እየወጣ ምስክርነት ይሰጣል፤ ሰው ያለቅሳል፣ ያቅፈዋል። እኔን አንድ ቀን አመሰግናለሁ ያለኝ የለም። እሱ ዓለሙን ሲቀጭ እኔ ወጣትነቴን እዚህ ጨረስኩ። የሚሰማኝ ቅናት ነው ወይስ የፍትሕ ጥያቄ?

መልስ፦ ሁለቱም ነው፣ ወንድሜ። ቀላሉን ላስቀድም። በስምንት ወር ውስጥ ሰውን መድረክ ላይ እያወጡ ማስጨብጨብ ለልጁም ጥሩ አይደለም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ መሪዎች ሲጽፍ በትዕቢት እንዳይነፋ አዲስ ክርስቲያን አይሁን ብሏል። ልጁ መሪ ነው ባልልህም ፍርሃቱ ያው ነው። ይሄን ለኃላፊዎቹ በግልጽ ንገራቸው። ስታማ ግን እንዳልሰማህ።

ያ «ዓለሙን ሲቀጭ» ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። ማቴዎስ 20 ላይ ያለውን የወይን አትክልት ባለቤት ታውቀዋለህ። ማልዶ ወጣ፣ በ3 ሰዓት ወጣ፣ በ6፣ በ9፣ መጨረሻ ላይ በ11 ሰዓት ወጣ። ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር። የሰዓት አቆጣጠራችን ለዚህ ምሳሌ የተሠራ ነው የሚመስለው። ፈረንጁ 11 ሰዓት የቱ እንደሆነ ማስላት አለበት፤ እኛ ጋ 11 ሰዓት ያው 11 ሰዓት ነው። ጥላ የረዘመበት፣ ሠራተኛ አካፋውን የሚያጥብበት፣ ሊመሽ አንድ ሰዓት የቀረው።

ጠዋት አደባባይ ላይ አካፋና ዶማ ይዘው የሚቆሙትን የቀን ሠራተኞች አይተህ ታውቃለህ? ፒካፕ ሲቆም ሁሉም ይሮጣል፤ ጠንካራ ጠንካራው ተመርጦ ይጫናል። በ6 ሰዓት እዚያ የቀሩትን ተመልከታቸው። አካፋቸው ላይ ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ፤ ጓደኛቸውን እንኳ ቀና ብለው አያዩም። እስከ 11 ሰዓት የቆመ ሰው ሲያርፍ የዋለ ይመስልሃል? «የሚቀጥረን አጥተን ነው» ነው ያሉት። ያ ልጅ እንቅልፍ አጥቶ፣ እናቱን ሰርቆ፣ ራሱን ጠልቶ የኖረባቸው ዓመታት ዕረፍት አልነበሩም። አንተ በእነዚያ 16 ዓመታት ቢያንስ እቤት ውስጥ ነበርክ፤ የምትዘምረው ነበረህ፣ ስትታመም የሚጠይቅህ ነበር። ይሄን ከደመወዝህ ላይ አትቀንሰው።

ባለቤቱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ነገር ይወዳል። ለመጀመሪያዎቹ ከፍሎ ቢሸኛቸው ኖሮ ማንም ሳያይ ነገሩ ያልፍ ነበር። እሱ ሆን ብሎ ከመጨረሻዎቹ ጀመረ። እንዲያዩ ፈልጓል። አንተንም ያንን ልጅ እያሳየህ ሳይሆን አይቀርም።

«አመሰግናለሁ ያለኝ የለም» ላልከው ደግሞ፣ በዚያ ምንም የማጣፍጠው ነገር የለኝም። ነውር ነው። መዘምራን ያላችሁ አጥቢያዎች ይሄን ካነበባችሁ በመጪው እሑድ ወንበር የሚደረድሩትን ስማቸውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኩዌት የቤት ሠራተኛ ነኝ። ከማለዳ ጀምሮ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ እሠራለሁ፤ የዕረፍት ቀን የለኝም። ሌሎች ልጆች አርብ አርብ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ እኔን ማዳሜ አታስወጣኝም። ማታ ልጸልይ እንበረከካለሁ፣ አባታችን ሆይን ሳልጨርስ ፍራሹ ላይ ተደፍቼ ያነጋኛል። እምነቴ የሞተ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ተኚ።

እየቀለድኩ አይደለም። ኤልያስ በረሃ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ወድቆ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ሲተኛ፣ እግዚአብሔር ጸሎትህን አልጨረስክም አላለውም። መልአክ ልኮ ቀሰቀሰው፤ ከራስጌው የተጋገረ ዳቦና ውኃ ነበር። «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላና ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛም ቀሰቀሰውና አሁንም አበላው። ያንን ታላቅ ነቢይ ወደ ኮሬብ 40 ቀን ያስኬደው ይሄ እንቅልፍና ይሄ ዳቦ ነው። ማን እንዳደከመሽ እሱ ያውቃል።

ማዳምሽ ስልክ የምትፈቅድልሽ ከሆነ አርብ ከሚሄዱት ልጆች አንዷን ያዢ፤ ስምሽን ጠርታ ትጸልይልሽ። ዕረፍት ስለመከልከልሽ ደግሞ፣ መታገሥ ብቻ ነው ያለብሽ አልልሽም። ከምታምኛቸው ሰዎች ጋር ተማከሪ፤ መብትሽን መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም።

ለጸሎቱ ግን መንበርከኩን ለጊዜው ተዪው። ጋደም ብለሽ ጀምሪ። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ እንቅልፍ ከወሰደሽ፣ ጠዋት እንደ አዲስ ከላይ አትጀምሪው። ሳህን እያጠብሽ ካቆምሽበት ቀጥዪ።